ለእንክብካቤ የሚውለውን ቀን ማን ይቁጠረው?

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጥበቃ አሠራር ድጋፍ የሚሹ ቤተሰቦች በአብዛኛው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተሰብ ሲሆን፣ ሌላው በዕድሜ መግፋት፣ በአካል ጉዳት ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት ጉልበት ያለው አባል የሌለው ነው። ፊተኛው ሠርቶ እንዲያገኝ፣ ኋለኛው ደግሞ ሳይሠራ እንዲደገፍ ይደረጋል። ይህ አመዳደብ ውሱን የሆነውን የሀገር ሀብት ለሚገባው ወገን ለማድረስ የጠቀመ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና በሁለቱ መካከል በመዝገብ ላይ የራሱ መደብ የሌለው ሦስተኛ ቤተሰብ አለ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ጤናማና ጉልበት ያላት እናት ትኖራለች፤ ጉልበቷ ግን የሚውለው ከባድ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጇን በማንሳት፣ በማጠብ፣ በማጉረስና በመጠበቅ ላይ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ጥያቄ በሰሜን ጎንደር ዞን በዳባትና በደባርቅ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ቀበሌዎች ሲታይ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በአካባቢው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚመረትበት ደጋ ይበዛል። መሬቱ ተዳፋት፣ ይዞታው ጠባብ፣ መንደሮቹም የተራራቁ ናቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል ማስፈጨትና ገበያ መውጣት እያንዳንዳቸው የቀኑን እኩሌታ ሊወስዱ ይችላሉ። መራመድ ወይም ራሱን መጠበቅ የማይችል ልጅ ያላት እናት ለእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ከቤት በወጣች ቁጥር ልጇን ከማን ጋር እንደምትተው መወሰን ይኖርባታል።

የአካባቢው የሥራ ዕድልም ለዚህ ሁኔታ የሚመች አይደለም። ደባርቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ናት። ባለፉት ዓመታት በወረርሽኝና በጸጥታ ችግር የተጎዳው የቱሪዝም ሥራ ለአስጎብኚዎች፣ ለበቅሎ አከራዮችና ለምግብ አብሳዮች ገቢ ሲያስገኝ ቢቆይም፣ ከጎብኚ ጋር ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ለቀናት ከቤቱ ይርቃል። በመሆኑም ልጁን በየዕለቱ መንከባከብ ያለበት ወላጅ ከዚህ ዕድል ውጪ ይሆናል። የሚቀረው በከተማ የጉልት ንግድ፣ ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ልብስ ማጠብና ሲገኝ የቀን ሥራ ነው። እነዚህ ሥራዎች በሌሎች ሀገሮች የግማሽ ቀን ሥራ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ውል፣ ፈቃድም ሆነ ጡረታ የሌላቸው መሆኑ ነው።

በገጠሩ ክፍል ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጎንደር ገጠሮች ጎረቤት ከጎረቤት ጉልበት የሚበዳደርበት የወንፈል ሥርዓት እንዳለ ይታወቃል። ወንፈል የሚቆመው ቀንን በቀን በመመለስ ነው። ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ወጥቶ ሊረዳ ይገባል። ልጇን ጥላ መውጣት የማትችል እናት የተበደረችውን ቀን መመለስ ስለሚሳናት ከጊዜ በኋላ ከወንፈሉ ትወጣለች። ባል የሌላት ከሆነ በአካባቢው ባህል እርሻ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ድርሻዋን ብቻ ታገኛለች። የልጁ ጉዳት በዚህ መንገድ ወደ እርሻው ይሻገራል፤ የቤተሰቡ ድህነትም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በሕግ ደረጃ ሲታይ ኢትዮጵያ ጉዳዩን የዘነጋች ሀገር አይደለችም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ማቋቋሚያና ድጋፍ የሚውል ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ሀገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 28 በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ብቻ ሳይሆኑ ቤተሰቦቻቸውም ጭምር ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ የመንግሥት እገዛ እንዲያገኙ ይጠይቃል። ከዚህ እገዛ መካከል ሥልጠና፣ ምክር፣ የገንዘብ ድጋፍና ተንከባካቢው ጥቂት የሚያርፍበት አገልግሎት በግልጽ ተጠቅሰዋል።

ከዚህም ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ስምምነቱ ሠራተኞች በሥራቸውና በቤተሰብ ኃላፊነታቸው መካከል እንዳይጨነቁ ሀገሮች አቅማቸው በፈቀደ መጠን እርምጃ እንዲወስዱ የሚያስገድድ ነው። በኅዳር 2007 ዓ.ም የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችን ትኩረት ከሚሹ የኅብረተሰብ ክፍሎች ተርታ አስቀምጧል። ስለዚህ የጎደለው መርሕ ሳይሆን፣ መርሑ ወደ ቀበሌ ሲወርድ የተንከባካቢውን ቀን የሚቆጥር አሠራር ነው።

ይህ ክፍተት በመደበኛ ቅጥር ላይ ያለውን ወላጅ እንዴት እንደሚነካ በስሌት ማየት ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ሊወስድ ይችላል፤ ይህም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሁሉም ሲደመር 26 ቀን ነው።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁን በወር አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚያመላልስ ወላጅ በመሄጃና በመመለሻ ሁለት ሁለት ቀን ቢያጠፋ በዓመት 24 ቀን ይሄድበታል። ለራሱ ሕመም የሚሰጠው ፈቃድ ለልጁ ሕመም አይውልም። ልጁ በድንገት የሚጥለው በሽታ ቢይዘው፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ወይም ልጁን ትጠብቅ የነበረችው ዘመድ ብትሄድ የሚቀረው 2 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ መቅረትና ደመወዝ መቀጣት፣ ወይም ሥራ መልቀቅ ይሆናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተቋቋሙት የሕፃናት ማቆያዎች ለእናቶች ትልቅ እፎይታ ቢሰጡም የታሰቡት ለጨቅላ ሕፃናት ነው። አሥር ዓመት ሞልቶትም የሚታጠብና የሚጎርስ ልጅ በዚያ ቦታ የለውም።

ቁጥሩ የሚበዛው ግን ከመደበኛ ቅጥር ውጪ ያለው ወገን ነው። ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮ ሲተገበር የቆየው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአፍሪካ ከታወቁ ሰፋፊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። በፕሮግራሙ አሠራር መሥራት የሚችል አባል ያለው ተጠቃሚ ቤተሰብ በአንድ ሰው በወር 5 ቀን ሂሳብ በሕዝባዊ ሥራ ይሳተፋል። እርከን ይሠራል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ተዳፋት ያለማል። ጉልበት ያለው አባል የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

ፕሮግራሙ ባለፉት ዓመታት ከተሞክሮ እየተማረ ብዙ ማሻሻያ አድርጓል። ሴቶች በቤት ያለባቸው ጫና ታስቦ ወደ ሥራ ቦታ ዘግይተው እንዲገቡና ቀድመው እንዲወጡ ተፈቅዷል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ተነስተው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ከሁሉም በላይ ለዚህ ጉዳይ መንገድ የሚያሳየው፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚያስታምም ተንከባካቢም በዚሁ ጊዜያዊ ድጋፍ መካተቱ ነው። ይህ ውሳኔ ትልቅ መርሕ ይዟል። ጤናማ ጉልበት ያላት እናት ጉልበቷ ለልጇ የሚያስፈልግ መሆኑን መንግሥት በደንብ ላይ ያሰፈረበት ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ መርሕ ለምን በምግብ እጥረት ላይ ይቆማል የሚል ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ግን የእናቱን ጉልበት የሚፈልገው ለዓመታት ነው፤ ልጁ እያደገና ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድም ድካሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በደንቡ አገላለጽ ይህች እናት መሥራት የምትችል ናት። በእውነታው ግን ሁለት ሥራ አለባት፤ የሚቆጠርላት አንዱ ብቻ ነው። በሕዝባዊ ሥራ ቦታ በሚቋቋም የሕፃናት ማቆያ የሌሎችን ልጆች ብትጠብቅ ሥራ ሆኖ ሊቆጠርላት ይችላል። የራሷን ልጅ በቤቷ ስትጠብቅ ግን ከሥራ እንደቀረች ይያዝባታል።

ቀኑ ያልተቆጠረላት እናት የምታደርገው ነገር ባለሙያዎች በቤት ለቤት ጉብኝት የሚያውቁት ነው። ታላቋ ሴት ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ወንድሟን እንድትጠብቅ ታደርጋለች። ሰው ካጣች ልጁን ዘግታበት ወይም አስራው ትወጣለች። ይህን የምታደርገው ጨክና አይደለም። እሳት ውስጥ እንዳይወድቅ ወይም ወደ ገደል እንዳይሄድ ብላ ነው። አለዚያም ከነጭራሹ ከሥራው ትቀርና ቤተሰቡ ድጋፉን ያጣል። በሦስቱም መንገድ የሚጎዳው ሕፃን ነው፤ መንግሥት ሊያስቀረው ያሰበው የድህነት ሰንሰለትም ወደ ቀጣዩ ትውልድ ይቀጥላል።

ችግሩ ጎልቶ እንዳይታይ ያደረገው አንዱ ምክንያት የቆጠራ ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ሆነው የተመዘገቡት ከሕዝቡ 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ 15 ከመቶ ያህሉ ሕዝብ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምቷል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ስፋት የአጠያየቁን ልዩነት ያሳያል። ከዚህ በተጨማሪ የልጅን ጉዳት እንደ እርግማን የሚቆጥር አመለካከት ገና ባለመጥፋቱ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ዓይን የሚደብቁ ወላጆች አሉ። ያልታየ ልጅ አይቆጠርም፤ ላልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ተሞክሮው በሌሎች ሀገሮች ሲታይ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው ከደቡብ አፍሪካ የሚወሰድ ነው። ያች ሀገር በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ መሠረት ከባድ ጉዳት ላለበትና ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ተንከባካቢ በየወሩ የሚከፈል ድጋፍ ትሰጣለች። ድጋፉ የተንከባካቢውን ገቢ ያገናዘበ ሲሆን፣ መነሻው ግን የልጁ የእንክብካቤ ፍላጎት እንጂ የወላጁ ጉልበት ማጣት አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ነው። ብሪታንያ ለተንከባካቢዎች ክፍያ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ባለትዳር ሴቶች እስከ 1986 ድረስ ከዚህ ተከልክለው ቆይተዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበረው ደንብ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚንከባከብ ሰው በሳምንት 83 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ይከፈለው ነበር። ይኸው ሰው በግማሽ ቀን ሥራ የሚያገኘው የተጣራ ገቢ ከ196 ፓውንድ በአንድ ፓውንድ ቢበልጥ የዚያን ሳምንት ድጋፍ በሙሉ ያጣ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጆች ሊሠሩ የሚችሉትን ተጨማሪ ሰዓት ትተዋል። ሳያውቁ ወሰኑን ያለፉትም ለዓመታት የወሰዱትን ገንዘብ እንዲመልሱ ተጠይቀዋል። ቅሬታው በመበርታቱ የሀገሪቱ መንግሥት በ2024 ጉዳዩ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር አድርጓል።

ይህ ተሞክሮ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነች እናት ጥቂት በግ ብታረባ ወይም በገበያ ቀን ጠላ ብትሸጥ ራሷን እንደቻለች ተቆጥራ ከመዝገብ ልትሰረዝ እንደምትችል ትሰጋለች። ስለዚህ ለተንከባካቢ የሚታሰብ ማናቸውም ድጋፍ ሥራን የሚያስጥል ሳይሆን ከሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ ሊሆን ይገባል። ገቢ ሲያድግ ድጋፉ ቀስ በቀስ ይቀንስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ ማለት ነው።

ገንዘብ ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። ተንከባካቢዋ ሥራ መሥራት የምትችለው ልጁ በሌላ ሰው እጅ በሚገኝበት ሰዓት ነው። ልጁ በትምህርት ቤት አራት ሰዓት ከዋለ እናቱ አራት ሰዓት አገኘች ማለት ነው። ከዚህ አኳያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ለልጁ መብት ከመሆኑም ሌላ ለእናቱ የሥራ ዕድል ነው። ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው እነዚህን ቤተሰቦች በእጥፍ የጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ የታየው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩትና በውበት ሙያ ሥልጠና የታወቁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል። በ2013 ዓ.ም ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ ስለ ኦቲዝም ኅብረተሰቡን ያስተማሩ ሲሆን፣ ማዕከላቸው ልጆች የሚማሩበትና ወላጆች ለሥራቸው ጊዜ የሚያገኙበት ቦታ ሆኗል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ማዕከላት በዋና ከተማዋ የተከማቹ ናቸው። ለበየዳ ወይም ለጃናሞራ እናት አዲስ አበባ ቀርቶ ጎንደርም ሩቅ ነው።

ለሰሜን ጎንደር ቅርብ የሆነው አቅም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸውና በየመንደራቸው የሚያግዝ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው ትብብርም በሀገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ለመክፈት በቅቷል። ይህ ሙያ ሰዎች መብላትን፣ መልበስንና መታጠብን የመሰሉ የዕለት ተግባራትን በራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ነው። አንድ ልጅ በራሱ መጉረስ ከቻለ እናቱ በቀን ሦስት ጊዜ የምታጠፋው ሰዓት ይመለስላታል። በዳባት የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከልም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ጤና ሲከታተል የቆየ በመሆኑ፣ ቤተሰቦች ለእንክብካቤ የሚያውሉትን ሰዓት ለመለካት የሚያስችል መሠረት አለ።

ከዚህ በመነሳት በወረዳና በቀበሌ ደረጃ አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። የተጠቃሚዎች ልየታ ሲካሄድ በቤተሰቡ ውስጥ የሌላ ሰው እርዳታ ሳያገኝ ሊውል የማይችል ልጅ መኖሩና የሚንከባከበው ማን እንደሆነ ሊጠየቅና ሊጻፍ ይገባል። ሁለተኛው የሥራ ምደባ ነው። ለተንከባካቢዋ ለቤቷ ቅርብ የሆነ፣ ግማሽ ቀን የሚወስድና በፈረቃ የሚሠራ ተግባር መመደብ፣ በሥራ ቦታ ያለው የሕፃናት ማቆያም አካል ጉዳተኛ ልጆችን እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ እነዚህ ቤተሰቦች በልየታው እንዳይዘለሉ መከታተል ያስፈልጋል።

በክልልና በፌዴራል ደረጃ የሚወሰኑም አሉ። ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጅ ተንከባካቢ እንዲያካትትና ሁኔታው በየዓመቱ እየታየ እንዲታደስ ማድረግ አንዱ ነው። በመንግሥት ሠራተኞችና በአሠሪና ሠራተኛ ሕጎች ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሚያሳድግ ሠራተኛ ለልጁ ሕክምና የሚውል የተወሰነ ፈቃድ መስጠትና በስምምነት የግማሽ ቀን ሥራ መፍቀድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ልምድ ያላትን ሠራተኛ በግማሽ ቀን ማቆየት፣ ለቅቃ በምትኩ አዲስ ሰው ከማሠልጠን ለመሥሪያ ቤቱም ይሻላል።

በዚህ ላይ የሚነሱ ሥጋቶች ተገቢ ናቸው። የበጀት እጥረት፣ የማስመሰል ጥያቄና የጥገኝነት መስፋፋት በየመድረኩ ይነሳሉ። ይሁንና ከባድ ጉዳት ያለበት ልጅ በቀበሌ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ቢሆንም፣ አንዴ ከተለየ በኋላ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና በማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት በቀላሉ የሚረጋገጥ ነው። ግማሽ ቀን የሚሠራ ወላጅም ከጥገኝነት ይልቅ ራስን ወደ መቻል የቀረበ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ዛሬ በማንም በጀት ላይ ያልተጻፈው ነው። ይህም ትምህርቷን ያቋረጠችው እህት፣ ያለ አራሽ የቀረው መሬትና ተዘግቶበት የሚውለው ልጅ ነው።

የደባርቅና የዳባት እናቶች ዛሬም ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ይዘዋል። የወረዳ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች በቀጣዩ የተጠቃሚዎች ልየታ በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩና መልሱን ለሥራ ምደባ ቢጠቀሙበት፣ እስከ አሁን ያልተቆጠረው ቀን መቆጠር ይጀምራል።